ለቀዳዳ እንስራ ውሃ

ጥቅምት 9

ለውድ እታለሜ፣

እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከዚህ ሰውዬ በስተቀር ደህና ነኝ። ስፌት ቤቱም ደህና ነው፤ ጣሪያው ብቻ እንደ ልማዱ ያፈሳል። በስልክ ያልነገርኩሽ ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ነው። ጎረቤታችን ጡረተኛዋ መምህርት አንድ ቃል አያመልጣትም።

«እውነት እሱ ራሱ ነው?» ብለሽኛል። እሱ ራሱ ነው። ባለቁልፉ። የእማዬ ባል። «የእንጀራ አባት» የሚለውን ስም ያወጣ ሰው ቀልድ ያውቅ ነበር፤ እኛ ከስሙ ውስጥ አባቱም እንጀራውም አልደረሰንም። እማዬን ከቀበርን በኋላ ወልዶ ካሳደገው ልጁ ዘንድ ሄዶ አልነበር? ያው ልጁ በመኪና አምጥቶ በራችን ላይ አወረደውና ስልኩን ዘጋ። አንጀቱ ተጠማዞ ጠቁሮ ስለነበር ሐኪሞቹ ከቀጭኑ አንጀት አብዛኛውን ቆርጠው ጥለውታል። የፊት ለፊቱን ክፍል ለቅቄለት እኔ ከልብስ ስፌት መኪናዬ ጋር ማድቤት አጠገብ ገብቻለሁ።

አንገቱ ላይ ምን እንዳለ ገምቺ። ያ የጓዳ ቁልፍ! የጓዳው በር ከተነቀለ ስንት ዘመኑ፣ ቁልፉ ግን በዚያው በቆሸሸ ክሩ ደረቱ ላይ አለ።

ደግሞ ይበላል እታለሜ። የሦስት ሰው ይበላል፣ የበላው እንዳለ ይወጣል፣ እሱ ይከሳል። ሱሪውን አጠበብኩለት። ብዙም ሳይቆይ ደግሜ አጠበብኩ። መርፌውን ስወጋ ይህን ሙያ የማንን ልብስ ሳጠብብ እንደተማርኩ ትዝ አለኝ። ያቺ ውሃ ሰማያዊ፣ አበባ አበባ ያላት የእማዬ ቀሚስ! ጎንና ጎኗን እየቆረጥኩ አጠብባት ነበር፣ እማዬም እንደገና ከሷ ታንስ ነበር። ያኔ እሱ ምን ይል እንደነበር አልረሳሽውም፤ «ትበላለች፣ አያድርባትም። ለቀዳዳ እንስራ ውሃ አይባክንም።» ከዚያ ጓዳውን ይቆልፋል።

አሁን እንስራው ማን እንደሆነ እይልኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

አንቺ እዚያ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ የአንጀት በሽተኞችን አመጋገብ የምትከታተዪ ነርስ ነሽ። ምን ላድርገው? ልብ በይ፣ «ምን ላድርግለት» አላልኩም።

ሚጢ


ጥቅምት 21

ሚጢዬ፣

ክፍሉ ሞልቶ በቆምኩበት ነው የምጽፍልሽ፤ ሰላምታዬ አጭር ቢሆን ይቅርታ አድርጊልኝ።

ንጹህ ውሃ አትስጪው። ቢለምንሽም፣ ቢያለቅስም፣ ቢምል ቢገዘትም አትስጪው። ሻይም ለስላሳም አይሆንም። የሚጠጣው ጨውና ስኳር የተበጠበጠበትን ብቻ ነው፤ ልኩን በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። እሱንም በሲኒ፣ ቀስ እያለ። ምግቡን ለብቻው ስጪው፣ መጠጡን ለብቻው። ምግቡ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን እንጂ በአንድ ጊዜ ጠግቦ እንዲነሳ አትፍቀጂለት። ይጮህብሻል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ በይው።

ይህን ሳታዛንፊ ካደረግሽ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ምክንያቱን ሲመቸኝ እጽፍልሻለሁ።

እታለምሽ


ኅዳር 3

እታለሜ፣

እጅሽ ይባረክ። ወዲህ በሚመጣው ሾፌር «ሳታዛንፍ እየሠራች ነው ወይ?» ብለሽ የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። አዎ፣ ሳላዛንፍ!

ጨዋማውን ሳቀርብለት አፉን ያጣምማል። «እንባ እንባ ይላል» አለኝ። የማን እንባ እንደሆነ ልነግረው ፈልጌ ዋጥኩት። በአፌ አሁንም አንቱ ነው የምለው፤ አንተ የምለው በሆዴ ነው። የውሃውን ጆግ ደግሞ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ዓይኑ የሚደርስበት፣ እጁ የማይደርስበት። እኛ የጓዳውን በር እያየን እንዳደግን እሱም ጆጉን እያየ ይውላል። ፀሐይ ሲያርፍበት ውሃው ጣሪያው ላይ ይጨፍራል። ያን ጊዜ ፊቱን ብታዪው!

ትላንት «ልጄ» አለኝ። ጠርቶኝ የማያውቀውን ስም፤ ለካ ከውስጡ የሚያወጣው ጥም ነው።

መምህርት እጇ ላይ ሳህን ይዛ ገባች፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሲለምነኝ አገኘችው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ! ሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው ውሃ ይነፈጋል?» ብላ ጮኸችብኝ። «የሐኪም ትእዛዝ ነው እትዬ» አልኳት። አላመነችኝም። ለካ ስናገረው ፈገግ ብዬ ኖሯል።

አንጀቴ እየራሰ ነው እታለሜ። እንዲህ ያለ ብልሃት ከየት አገኘሽው? አይታይ፣ አይጠረጠር። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ቶሎ እንዳያልቅብኝ ብዬ ነው።

ሚጢ


ኅዳር 15

ሚጢዬ፣

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ምኑ? ብዬ አሰብኩ። ሲገባኝ ምሳ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ ሳቅኩ፤ ቆይቼ ደግሞ አለቀስኩ። አንቺ ሞኝ! ስትቀጪው የሰነበትሽ መስሎሽ ስታድኚው ኖሯል።

ጥፋቱ የእኔ ችኮላ ነው። አሁን መቀስሽን አስቀምጪና ስሚኝ፤ በሙያሽ ልንገርሽ።

ምግብ አፍ ውስጥ ይታኘካል፣ ጨጓራ በአሲዱ እያሸ ወፍራም ሾርባ ያደርገዋል። ሾርባው ወደ ቀጭኑ አንጀት ሲወርድ ሐሞት ይፈስበታል፤ ሐሞቱ ስቡን ይበታትነዋል። ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽ ደግሞ ሁሉንም ደም ሊሸከመው እስኪችል ያደቅቀዋል። የእኛ ሰው ግን አይገርምሽም? ጨጓራ ይላጣል፣ ቆሽት ያራል፣ ሐሞት ይፈሳል፣ አንጀት ይርሳል። የምንናደድበት ዕቃ ሁሉ ምግብ የሚፈጭበት ዕቃ ነው። ቂም ሆድ ውስጥ የሚቀመጠው ለዚህ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ሰውየው ገና አልበላም። ምግቡ ቧንቧው ውስጥ ነው እንጂ ሰውየው ውስጥ አልገባም። የሚገባው በአንጀቱ ገበር በኩል ነው። ገበሩ ልሙጥ አይደለም። ተሸብሽቧል፤ ሽብሽቡ ላይ ደግሞ እንደ ከፋይ ጨርቅ ጥቃቅን ፀጉር አለው። በእያንዳንዷ ፀጉር ውስጥ የደም ሥር አለች፤ ስኳሩንና ፕሮቲኑን መጥጣ ወደ ጉበት ትልካለች። ስቡ በሌላ ቀጭን መንገድ ዞሮ ደም ይገባል። ወፍራሙ አንጀት የተረፈውን ውሃ ይመጥጥና ገለባው ይወጣል። የተሸበሸበ ቀሚስ ሲተረተር ስንት ጨርቅ እንደሚወጣው ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አንድ ሆድ ውስጥ ያለው ገበርም እንደዚያ ነው።

ባለቁልፉ ከፋዩ ተቆርጦበታል። የቀረችው ቁራጭ ንጹህ ውሃ ሲወርድባት መያዝ ትታ ከገዛ ደሙ ጨው ትቀዳበትና ውሃና ጨው ተያይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ ሲጠጣ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይጠማል፣ ሲጠማ ይጠጣል። እንዲህ እያለ ይሞታል። ጨውና ስኳር አብረው ሲመጡ ግን ገበሩ በር ይከፍትላቸዋል፣ ውሃውም ተከትሏቸው ይገባል። ያ እንባ እንባ የሚለው ነገር መድኃኒት ቤት በከረጢት ሲሸጥ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሕይወት አድን። ጊዜ ካገኘ ደግሞ የተረፈው አንጀት የሄደውን ሥራ ይለምዳል፤ ፀጉሩ ይረዝማል፣ ገበሩ ይሰፋል።

እማዬን ማንም አልቆረጣትም። የሷ ከፋይ ግን ተልጦ ነበር። እንደሷ ያሉ ሴቶች እዚህ ሲመጡ ባየሁ ቁጥር እርግጠኛ ለመሆን የሚቀረኝ ትንሽ ነው። ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፤ ስንዴው ገበራቸውን እየላጠ ልሙጥ ያደርገዋል። ይበላሉ፣ አይገባም፤ እንደገና ይርባቸዋል። እሱ ሁሉን ቆልፎ ውጭ የሚተውላት ምን ነበር? ደረቅ ዳቦ። «ያንን ንከሺ» እያለ።

እና እኔ ሞቱን አልፈልግም። በለቅሶዋ ዕለት ሳሎን ሙሉ ሰው ፊት «ሆዷ ገደላት» ሲል አጠገቤ ቆመሽ ነበር። እናታችን ሆዳም ተብላ ተቀበረች። ያንን ቃል በዚያው ሳሎን፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት፣ በገዛ አፉ እንዲመልሰው እፈልጋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሬሳ ግን ቃል አይመልስም፤ ስለዚህ አድኚልኝ።

እታለምሽ


ኅዳር 29

እታለሜ፣

በሾፌሩ «ተቀየምሽኝ ወይ?» ብለሽ ለላክሽው፣ አዎ፣ ተቀይሜሻለሁ። ከእጄ ላይ ነጠቅሽኝ። ስከለክለው ደስ ብሎኝ የሰነበትኩት ሁሉ ለካ ማስታመም ነው! ቆሽቴ አረረ፤ ቆሽት ምን እንደሚሠራ ስላወቅሁ ደግሞ የባሰ አረረ።

አሁን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ሲለምነኝ ብሰጠው ይሞታል፤ ሰፈሩም ይመርቀኛል፣ «እስከ መጨረሻው አጠጣችው» ይባልልኛል። ብነፍገው ይድናል፤ ሰፈሩ ደግሞ ጨካኝ ይለኛል። እንዲህ የተገለበጠ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? ትላንት ብርጭቆ ሞልቼ አልጋው ድረስ ሄድኩ። እጁን ዘረጋ። ሲዘረጋ ቁልፉ ከሸሚዙ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ብርጭቆውን ራሴ ጠጣሁት፤ እያየኝ፣ እስከ ጠብታው። ከዚያ ጨዋማውን በሲኒ ቀዳሁለት።

ለምን አልሰጠሽውም አትበዪኝ። ያንቺን ቃል ፈልጌ ይሁን ፈርቼ እኔም አላውቀውም።

ሌላም ወሬ ነበረኝ። እሱን ሆድ ይፍጀው።

ሚጢ


ታኅሣሥ 6

ሚጢዬ፣

ሆድ ምግብ ነው የሚፈጀው፤ ወሬ ሲፈጅ አላየሁም። ምንድን ነው የደበቅሽኝ? በሕይወት አለ? ያንቺ እጅ ካለበትም ንገሪኝ፤ እህትሽ ነኝ፣ ዳኛሽ አይደለሁም።

እታለምሽ


ታኅሣሥ 15

እታለሜ፣

በሕይወት አለ። እጄም የለበትም። ያንቺ ጥርጣሬ ግን ቀድሞ ታይቶኝ ነበር፤ የደበቅሁሽም ለዚሁ ነው። ያለፈውን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ እሱ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተተክሎለት፣ ይተርፍ አይተርፍ ሳላውቅ ነበር። ይቅርታ።

መምህርት ናት። እኔ ስፌት ቤት ሳለሁ ገብታ ጆጉን ከመስኮቱ አንስታ ሰጠችው። ጨለጠው። አዝናለት ደግማ ሞላችለት፤ እንደገናም። ስመለስ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ አንሶላው ርሶ፣ ምላሱ እንደ ቆዳ ደርቆ አገኘሁት። መምህርት አጠገቡ ቁጭ ብላ «ይህን ያህል አስጠምተሽው ነው» ብላ እኔን ትረግማለች።

ከክሊኒክ ሲመለስ ሰፈሩ ሳሎናችን ውስጥ ጠበቀኝ። ሊጠይቁት ሳይሆን ሊፈርዱብኝ ነው። በእማዬ ለቅሶ የተቀመጡት ሰዎች፣ ያው ወንበር ላይ። እሱን ሶፋው ላይ በትራስ ደግፈው አስቀምጠውታል።

የሙሽራ ካባ ስሠራ የተረፈኝ ቀይ ከፋይ ነበር፤ እሱን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። «የሰው አንጀት ገበሩ ይኸው ነው» አልኳቸው። በጣታቸው ወዲያና ወዲህ እያሹ ፀጉሩን አዩት። ሸብሽቤ አሳየኋቸው። ከዚያ መቀሱን አነሳሁና ከጫፍ መዳፍ የምታህል አስቀርቼ ሌላውን ቆርጬ ጣልኩት። «እሳቸው የቀራቸው ይህቺ ናት። ውሃን ብቻውን አትይዝም፣ ውሃው ጨዋቸውን ይዞባቸው ይወጣል» ብዬ ያልሽውን ሁሉ ነገርኳቸው።

መምህርት አፏን ያዘች። «እኔ ነኛ ልገድለው የነበርኩት?»

«እሳቸው ለጥቂት ነው የተረፉት እትዬ።»

ከፋዩን ገልብጣ በልሙጡ ጀርባው ላይ እጇን አሳለፈችና፣ እኔ ነገሩን ሳላነሳው፣ «ታዲያ እናታችሁስ? እሷም እኮ በልታ በልታ ነበር የምትከሳው» አለች።

«እሳቸውን ይጠይቋቸው» አልኩ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ቁልፉን በእጁ ይዞታል። የተናገረውን ቃል በቃል ጻፊልኝ እንደምትይኝ ስለማውቅ ይኸውልሽ፤

«ይርባት ነበር። ርቧት ነው የሞተችው። ሆዷ አይደለም የገደላት። በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ።»

እታለሜ፣ እዚህ ላይ ባቆምኩልሽ ደስ ባለኝ። ግን ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ አንድ ነገር ጨመረ፤

«ይኸው አልኩልሽ። አሁን ውሃ ስጪኝ።»

ሚጢ


ታኅሣሥ 26

ሚጢዬ፣

አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር። ጠብታ አልገባም። «ርቧት ነው የሞተችው» ላይ ስደርስ ከወንበሬ ተነሳሁ፤ «ውሃ ስጪኝ» ላይ ስደርስ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቃሉን በውሃ ሸጠልን እንጂ አልመለሰውም። ያን ሁሉ ዓመት ለዚህ ቃል ብዬ የሰው አንጀት ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ነኝ።

እሺ። ዕቃውን ተረክበናል፤ ዋጋውን ይቀበል። ጆጉን አልጋው አጠገብ አድርጊለት። የጠየቀውን ያህል ይጠጣ፣ የፈለገውን ይብላ፣ ጠግቦ ይነሳ። አሁን ማንም አይወቅስሽም፤ ገዝቶት ነው።

ነርስ ሆኜ ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ጽፌዋለሁ። አንብበሽ ቅደጂው።

እታለምሽ


ጥር 10

ለውድ እታለሜ፣

«አደረግሽው ወይ?» ብለሽ በስልክ መላልሰሽ ጠይቀሽኛል። ደብዳቤሽን ቀድጄዋለሁ። ጆጉንም ከመስኮቱ አንስቼ ማድቤት አስገብቼዋለሁ። ሌላውን አላደረግሁትም።

አዝናለት ነው እንዳትዪ። አንጀቴን አልበላኝም። ጠዋት ሲነሳ «ውሃ» ይላል፣ «አይሆንም» እለዋለሁ፣ ሲኒውን ሰጥቼው እስኪጨርስ ቆሜ አያለሁ። ምግቡንም በእጄ ለክቼ ነው የማቀርብለት። ሳህኑን ጠርጎ ዓይኔን ያያል፤ እኛ የሱን ዓይን እናይ እንደነበረው። ውሃውን ብሰጠው በጥቂት ቀን ይገላገል ነበር። እማዬ በጥቂት ቀን አልተገላገለችም። ይኑር እንጂ! እሷ ያላገኘችውን ዕድሜ በሲኒ እየለካሁ እሰጠዋለሁ፤ እያንዳንዱን ቀን ከኔ እጅ ይቀበላል። ይህ ቅጣት ነው ማስታመም ብትዪኝ፣ ስፌቱ የቱ ጋ እንዳለ እኔም ጠፍቶብኛል።

መምህርትም ተቀይራለች። አሁን እሱ ሲለምናት «አይሆንም ወንድሜ» ብላ እጇን ወደ ኋላ ታደርጋለች። ባለፈው ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ዘረጋልኝ። አልወሰድኩትም። ክሩ አርጅቶ ስለነበር በጠንካራ ክር ለወጥኩለትና መልሼ አሰርኩለት።

የተረፈው አንጀት ሥራ ይለምዳል ያልሽኝ እውነት ነው። ሱሪው ጠበበው። ልለቅለት ስፌቱን ብፈታ የሚለቀቅ ጨርቅ የለም፤ ስቀንሰው ትርፉን ቆርጬ ጥዬዋለሁ፣ ያኔ የሚድን መስሎ አልታየኝማ። ስለዚህ ሳጥኔን ከፈትኩ። ከእማዬ ቀሚስ ጎንና ጎን እየቆረጥኩ ያስቀመጥኳቸው ቁርጥራጮች ሁሉም አሉ፤ ውሃ ሰማያዊ፣ አበባ አበባ ያለባቸው። ከሱሪው ጎንና ጎን፣ ሲታጠቅ ዓይኑ በሚያርፍበት በኩል አስገባኋቸው። ስፌቱን አጥብቄ፣ ሁለት ጊዜ ነው የመታሁት።

ዛሬ ጠዋት ለበሰው። ሊቆልፈው ጎንበስ ሲል አየው። አበባዎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው፣ እኔን አላየኝም፣ ብዙ ቆየ። ከመጣ ጀምሮ ውሃ ሳይጠይቀኝ ያረፈደው ዛሬ ነው።

ሱሪው ልኩ ነው።

ሚጢ